ጊዜው ያለፈበትን የአሴምብሊ ኮድ ከኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት እንዴት እናውጣ፦ የአሠራር መመሪያ

ብዙ ዓመት የኖረ የሲ ፕሮጀክት ሲከፈት፣ ለ386፣ ለፔንቲየም ወይም ለኬ6 ለመሳሰሉ የድሮ ፕሮሰሰሮች ተብሎ በእጅ የተጻፈ አሴምብሊ (የፕሮሰሰሩን ትእዛዞች አንድ በአንድ የሚጽፍ ኮድ) አንድ ጥግ ላይ መገኘቱ የተለመደ ነው። ሲጻፍ በቂ ምክንያት ነበረው። የዚያን ጊዜ ኮምፓይለሮች የሚያወጡት የማሽን ኮድ ጎበዝ ፕሮግራመር በእጁ ከሚጽፈው በብዙ ያንስ ነበር። የባይቶችን ቅደም ተከተል መገልበጥን፣ ወይም ብዙ ትሬዶች የሚጋሩትን ቆጣሪ በአንድ ምት መጨመርን የመሰለ ሥራ ደግሞ በሲ ቋንቋ የሚገለጽበት ቀጥተኛ መንገድ አልነበረውም። ዛሬ ሁለቱም ተለውጠዋል፤ ኮዱ ግን እንደተቀመጠ ነው። አብዛኛው ሰው አያነበውም፣ ለመንካትም ይፈራዋል፤ ሆኖም በየሪሊዙ አብሮ ይወጣል።

እንዲህ ያለውን ኮድ ማንንም ሳይጎዱ ማንሳት ይቻላል። ሥራው ሁሉ የሚመራበት ሐሳብ አንድ ነው፦ አሴምብሊ የሚነሳው ስላረጀ ሳይሆን፣ የተጻፈበት ምክንያት ዛሬ አለመኖሩ በማስረጃ ሲታወቅ ነው። እንደ ኤፍኤፍምፔግ ባሉ የቪዲዮ ፕሮጀክቶች ውስጥ በእጅ የተጻፈ አሴምብሊ አሁንም የፍጥነቱ ዋና ምንጭ ነው። እዚያም ቢሆን የሞተው ከሕያው ይለያል፤ በ2022 ኤምኤምኤክስ እና 3ዲናው ለተባሉት የድሮ የፕሮሰሰር ትእዛዝ ስብስቦች የተጻፉ በርካታ ፈንክሽኖች ከኤፍኤፍምፔግ ወጥተዋል። ማንኛውም ባለ64 ቢት የኤክስ86 ፕሮሰሰር ከእነሱ በኋላ የመጣው የትእዛዝ ስብስብ ኤስኤስኢ2 ስላለው ፕሮግራሙ ሁልጊዜ አዲሶቹን ፈንክሽኖች ይመርጥ ነበር፤ አሮጌዎቹ ይጠቅሙ የነበረው በጣም ላረጁ ባለ32 ቢት ማሽኖች ብቻ ነው። ማስረጃ ማለት ይህን የመሰለ ነው።

ባይነካስ?

ፓቹን ስታቀርቡ "ተቀምጦ ማንን ይጎዳል?" የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ መልሱን አስቀድማችሁ ያዙ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ጉዳት ስታክ (ፕሮግራሙ ጊዜያዊ ውሂቡን የሚያስቀምጥበት የሜሞሪ ክፍል) ላይ የሚደርሰው ነው። ሊኑክስ ላይ ሊንከሩ ፕሮግራሙን ሲያገጣጥም፣ እያንዳንዱ የኦብጀክት ፋይል "እኔ ስታክ ላይ ኮድ አላስኬድም" የሚል ትንሽ ምልክት መያዙን ያያል። ሲ ፋይሎች ላይ ኮምፓይለሩ ራሱ ምልክቱን ያስቀምጣል። በእጅ የተጻፈ የአሴምብሊ ፋይል ግን ጸሐፊው ካላስታወሰ አይኖረውም፤ የ1990ዎቹ ጸሐፊዎች ደግሞ ምልክቱ ራሱ ስላልነበረ ሊያስታውሱት አይችሉም ነበር። በኤክስ86 ላይ አንድ ምልክት የሌለው ፋይል ከገባ የመላው ፕሮግራም ስታክ ኮድ ማስኬድ የሚችል ይሆናል፤ ይህ ደግሞ አጥቂዎች አጥብቀው የሚፈልጉት ነገር ነው። ሊንከሩን የያዘው የመሣሪያዎች ስብስብ ባይኒዩቲልስ በ2022 በወጣው 2.39 ይህን ሲያይ ማስጠንቀቅ ጀመረ። በ2025 መጀመሪያ የወጣው ግሊብሲ 2.41 (የሊኑክስ መሠረታዊ የሲ ላይብረሪ) ደግሞ፣ እንዲህ ያለ ላይብረሪ ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ ሊጫን ሲሞክር ስታኩን አይከፍትለትም፤ መጫኑ ይከሽፋል። ማንም የማይጠቀምበት ፋይል ፕሮግራማችሁን ያቆመዋል ማለት ነው።

የኢንቴል ሲኢቲ እና የኤአርኤም ቢቲአይ ጥበቃዎችም እንዲሁ ናቸው። ሁለቱም የፕሮግራሙ ዝላዮች በተፈቀደ ቦታ ላይ ብቻ እንዲያርፉ ያስገድዳሉ፤ ሊንከሩ ግን ባይነሪውን "የተጠበቀ" ብሎ የሚመዘግበው ሁሉም የኦብጀክት ፋይሎች ሲደግፉት ብቻ ነው። አንድ አሮጌ ፋይል የሌሎቹን ሁሉ ጥበቃ ያስቀራል። አንድሮይድ ላይም ከ6.0 ጀምሮ፣ ለዚያና ከዚያ በኋላ ላሉ ቨርዥኖች የተሠራ መተግበሪያ በኮዱ ክፍል ውስጥ አድራሻ እንዲስተካከልለት የሚጠይቅ ላይብረሪ ከያዘ ላይብረሪው አይጫንም፤ የድሮ ባለ32 ቢት አሴምብሊ ደግሞ ይህን መጠየቅ ያዘወትራል።

አድሬስ ሳኒታይዘርን የመሳሰሉ የስህተት ፈላጊ መሣሪያዎችም አሴምብሊ ውስጥ የሚደረገውን የሜሞሪ ንባብና ጽሕፈት አያዩም። ስለዚህ ባጉ ለዓመታት ሊደበቅ ይችላል። በመጋቢት 2022 እ.ኤ.አ. የወጣው የውሂብ መጭመቂያ ላይብረሪ ዜድሊብ 1.2.12 የለውጥ መዝገቡ ላይ ባግ የታየባቸውን አሮጌ የአሴምብሊ ኮዶች ማስወገዱን ጽፏል። በዓለም ላይ እጅግ ከተሰራጩ ላይብረሪዎች አንዱ ይህን ካደረገ፣ የእናንተም ፕሮጀክት ቢያደርገው እንግዳ ነገር አይሆንም።

ደረጃ 1፦ ያለውን ሁሉ መዝግቡ

ፍለጋውን በጊት ግሬፕ ጀምሩ። መጀመሪያ በትልቁና በትንሹ ኤስ፣ እንዲሁም በኤኤስኤም የሚያበቁ ፋይሎችን ዘርዝሩ። ቀጥሎ በሲ ፋይሎች ውስጥ የተሰገሰገውን ፈልጉ፤ ቁልፍ ቃሉ ኤኤስኤም ያለ ሰረዝ፣ ከፊቱ አንድ ወይም ሁለት የታች ሰረዝ ይዞ፣ ወይም በሁለቱም በኩል ሁለት ሁለት ሰረዝ ይዞ ሊጻፍ ስለሚችል አራቱንም አጻጻፍ ሞክሩ። የማይክሮሶፍቱ ኮምፓይለር ለባለ64 ቢት ኤክስ86 በሲ ውስጥ የሚሰገሰግ አሴምብሊን ስለማይቀበል፣ በእሱ አጻጻፍ የተጻፈ ካገኛችሁ ከባለ32 ቢት ዘመን የቀረ መሆኑን ወዲያው ታውቃላችሁ።

ሁለት መደበቂያዎች አሉ። አንዳንድ ፕሮጀክቶች አሴምብሊውን በፐርል ስክሪፕት ያመነጫሉ፤ የክሪፕቶግራፊ ላይብረሪው ኦፕንኤስኤስኤል ዋነኛው ምሳሌ ነው፤ ስለዚህ ስክሪፕቶቹንም ተመልከቱ። ሌላው፣ የዘመኑ አሴምብለር የማያውቀውን ትእዛዝ ጸሐፊው በጥሬ ባይቶች የጻፈው ነው፤ በስሙ ብትፈልጉት አታገኙትም። የባይት መመሪያዎችን ለብቻቸው ፈልጉ።

ለያንዳንዱ ግኝት ፋይሉን፣ ፈንክሽኑን፣ ለየትኛው ፕሮሰሰር እንደተጻፈ፣ በምን ቅድመ ሁኔታ እንደሚገባ እና በሲ የተጻፈ አቻ እንዳለው መዝግቡ። ከሌላ ፕሮጀክት ተገልብጦ የገባ ኮድ ከሆነ ግን አትንኩት፤ ለውጡን ለዋናው ፕሮጀክት ላኩ፤ አለዚያ በሚቀጥለው ማዘመን ተመልሶ ይመጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ድካም የሚያድን ዘዴ አለ። በእያንዳንዱ የአሴምብሊ ክፍል መግቢያ ላይ ኮምፓይለሩን የሚያስቆም የኤረር መመሪያ አስገቡና ፕሮጀክቱን በሚደገፉት ማሽኖችና ኮምፓይለሮች ሁሉ ላይ ገንቡ። የትኛውም ግንባታ ካልቆመ ኮዱ ቀድሞም ሞቷል፤ የሚያስገባው ማክሮ በየትኛውም የግንባታ ፋይል አይታወጅም ማለት ነው። የዚህ ዓይነቱ ኮድ ምትክም ልኬትም አያስፈልገውም፤ በቀጥታ ወደ ደረጃ 6 ውሰዱት።

ደረጃ 2፦ የተጻፈበትን ምክንያት አግኙ

ይህ ደረጃ የሥራው ግማሽ ነው፤ አትቸኩሉበት። ጊት ብሌም መስመሩን መጨረሻ የነካውን ኮሚት ያሳያችኋል፤ ያ ኮሚት ግን ብዙ ጊዜ ክፍተቶችን ያስተካከለ ወይም ፋይሉን ያዛወረ ብቻ ነው። የተሻለው ጊት ሎግን በትልቁ ኤስ ምርጫ ማስኬድ ነው፤ የሰጣችሁት ሐረግ የገባበትንና የወጣበትን ኮሚት ለይቶ ያወጣል። የኮሚቱን መልእክት፣ በዚያው ሰሞን የተዘጉ የባግ መዝገቦችን እና የለውጥ መዝገቡን አንብቡ።

የምታገኙት ምክንያት ብዙውን ጊዜ ፍጥነት ነው፤ ወይም ሲ ያን ጊዜ ሊገልጸው ያልቻለው ነገር፤ አልፎ አልፎም የአንድ ኮምፓይለር ባግ። እነዚህ ሦስቱ በጊዜ የሚሽሩ ናቸው። የማይሽሩም አሉ። የፕሮሰሰሩን ማንነት መጠየቅ፣ የትሬድ አውድ መቀየር፣ የማስነሻ ኮድ፣ እነዚህ በአሴምብሊ ወይም በኮምፓይለሩ አብሮ የተሰጡ ፈንክሽኖች እንጂ በተራ ሲ አይሠሩም። ባዶ ሆኖ ሜሞሪን ብቻ የሚጠቅስ የአሴምብሊ መስመርም ትርፍ መስሎ ይታያል፤ ግን ኮምፓይለሩ ንባብና ጽሕፈትን እንዳያቀያይር፣ ወይም የይለፍ ቃል ከሜሞሪ የሚያጠፋውን ኮድ "ጥቅም የለውም" ብሎ እንዳይሰርዘው የተቀመጠ አጥር ነው። እሱን ማንሳት ድምፅ የሌለው የደኅንነት ቀዳዳ ይከፍታል።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚፈልገው የክሪፕቶግራፊ ኮድ ነው። እዚያ አሴምብሊው ለፍጥነት ብቻ ላይሆን ይችላል። ምሥጢራዊውን ቁልፍ የሚነካ ስሌት የቁልፉ ቢቶች ምንም ቢሆኑ እኩል ጊዜ እንዲፈጅ ጸሐፊው ሆን ብሎ ቅርንጫፍ የሌለው የትእዛዝ ቅደም ተከተል መርጦ ሊሆን ይችላል። ያንኑ በሲ ስትጽፉት ዛሬ ቅርንጫፍ አልባ ሆኖ ይወጣል፤ የነገው ኮምፓይለር ግን ብልጥ ሆኖ ወደ ቅርንጫፍ ሊቀይረው ይችላል፤ የሲ መስፈርት ስለ ጊዜ ምንም ቃል አይገባም። ስለዚህ የክሪፕቶ አሴምብሊ ጊዜው ያለፈበት ቢመስልም፣ የዘርፉ ዕውቀት ያለው ሰው ሳይመረምረው አታንሱት። የሚሻለው መንገድ ብዙ ጊዜ የራስን ኮድ ትቶ በደንብ የሚጠበቅ ላይብረሪ መጠቀም ነው።

ምክንያቱ ጨርሶ ካልተገኘስ? በመዝገቡ ላይ "አልታወቀም" ብላችሁ ጻፉና ያንን ክፍል ለመጨረሻ አቆዩት። በሌሎቹ ላይ ስትሠሩ ምክንያቱ ራሱ የሚገለጥበት ጊዜ ብዙ ነው።

ደረጃ 3፦ ዝቅተኛውን ፕሮሰሰር በጽሑፍ ወስኑ

ፕሮጀክቱ ከየትኛው ፕሮሰሰር ጀምሮ እንደሚደግፍ የሚገልጽ አንድ አንቀጽ ከሌለ፣ እያንዳንዱ ፓች ያንኑ ክርክር እንደ አዲስ ያስነሳል። ሌሎች የወሰኑትን ማየት ይረዳል። የሊኑክስ ከርነል በ2013 በወጣው 3.8 ለ386 የነበረውን ድጋፍ አቋርጧል፤ 386 አወዳድሮ የሚለዋውጠው የአቶሚክ ትእዛዝ ስለሌለው ከርነሉ ለእሱ ብቻ የተለየ መንገድ ይዞ ይኖር ነበር። በ2018 በ4.17 ስምንት የፕሮሰሰር ዓይነቶች በአንድ ጊዜ ወጡ። ኢታኒየም ደግሞ በጥር 2024 እ.ኤ.አ. በወጣው 6.7 ተሰናበተ። ከስርጭቶች በኩል ፌዶራ 31 በ2019 የባለ32 ቢት ኤክስ86 ከርነል ማቅረብ አቆመ፤ በ2025 የወጣው ዴቢያን 13ም ለዚያ ዓይነት ማሽን ጫኝና ከርነል አያወጣም። አንዳንድ የትእዛዝ ስብስቦችም ከራሳቸው ከአምራቾቹ ዘንድ ጠፍተዋል፦ ኤኤምዲ በ1998 በኬ6-2 ያስተዋወቀውን 3ዲናው በሚመጡት ፕሮሰሰሮቹ እንደማይቀጥል በ2010 አስታውቋል፤ በ2011 በቡልዶዘር የመጣው ኤክስኦፒም በ2017ቱ ዜን ላይ የለም።

ሁለት ውሳኔዎችን ግን አታደባልቁ። ለአንድ ፕሮሰሰር የተጻፈ አሴምብሊን ማንሳት ያንን ፕሮሰሰር ከመደገፍ መውጣት አይደለም። የሲ አቻው እስካለ ድረስ አሮጌው ማሽን መሥራቱን ይቀጥላል፤ ምናልባት ይዘገያል እንጂ። እንዲያውም አሴምብሊ ብቻ የነበረበት ቦታ ላይ ሲ ሲተካ፣ ፕሮግራሙ ሪስክ-ፋይቭን የመሳሰሉ ጸሐፊው ያላሰባቸው ማሽኖች ላይም ይገነባል። ይህን በግልጽ ተናገሩ፤ ስለ አሮጌ ማሽን የሚጨነቁ ሰዎች ጭንቀታቸው እውነተኛ ነው፣ እውነተኛ መልስም ይገባቸዋል።

ደረጃ 4፦ አሮጌው ኮድ ሳለ ቴስቱን ጻፉ

አሴምብሊው ከመውጣቱ በፊት የሚሰጠው የመጨረሻ ትልቅ አገልግሎት አለ፦ ለአዲሱ ኮድ ማመሳከሪያ መሆን። ሁለቱን ጎን ለጎን አስኪዱና ተመሳሳይ ግብዓት ሰጥታችሁ ውጤታቸውን አነጻጽሩ።

ፈንክሽኑ አንድ ባለ32 ቢት ቁጥር ብቻ የሚቀበል ከሆነ መገመት አያስፈልግም፤ 4,294,967,296ቱንም ግብዓቶች ሞክሩ። ለቀላል ፈንክሽን ዘመናዊ ማሽን ይህን በአጭር ጊዜ ይጨርሰዋል፤ ከዚያ በኋላ ውጤቱ ግምት ሳይሆን ማረጋገጫ ነው። በርዝመት የሚሠራ ፈንክሽን ከሆነ ችግር የሚበዛው ወሰኑ ላይ ነው፦ ርዝመት 0፣ 1፣ ከዚያም የሬጂስተሩ ስፋት አንድ ሲቀነስና አንድ ሲጨመር፣ ለምሳሌ 7፣ 8፣ 9፣ 15፣ 16፣ 17። አድራሻውንም ከ0 እስከ 15 ባይት እያንሸራተታችሁ ሞክሩ። ከመያዣው ቀጥሎ ማንበብም መጻፍም የተከለከለ የሜሞሪ ገጽ አስቀምጡና መያዣው ልክ ገጹ ጫፍ ላይ እንዲያልቅ አድርጉ። አሮጌ አሴምብሊ ከወሰኑ ጥቂት ባይት አልፎ የማንበብ ልማድ አለው፤ ይህ አጥር ወዲያው ያጋልጠዋል።

ሁለቱ ውጤቶች ሲለያዩ ጥፋቱ የአዲሱ ነው ብላችሁ አትደምድሙ። ሰነዱን አንብቡ። አሮጌው ከሰነዱ የሚጣላ ከሆነ ባግ አገኛችሁ፤ ለብቻው መዝግባችሁ ለብቻው አስተካክሉት።

የምትፈትኑበት አሮጌ ፕሮሰሰር ከሌላችሁ ኪዩኢሙ የተባለው አስመሳይ ፕሮግራም የብዙዎቹን ትእዛዞች አስመስሎ ያስኬዳል፤ ለትክክለኛነት ቴስት ይበቃል። ፍጥነት ግን በፍጹም በእሱ አትለኩ።

ደረጃ 5፦ ምትኩን ጻፉ

ብዙው ምትክ አጭር ነው። ባይት ለመገልበጥ ጂሲሲ ከ2008ቱ 4.3 ጀምሮ አብሮ የተሰጠ ፈንክሽን አለው፤ ክላንግም አለው። ቢትን ማሽከርከር በሁለት የቢት ግፊቶችና በአንድ "ወይም" ከተጻፈ ኮምፓይለሮቹ አውቀውት ወደ አንድ ትእዛዝ ይቀይሩታል፤ ሲ++20 ደግሞ ፈንክሽኑን በመስፈርቱ ውስጥ አካትቷል። የመሪ ዜሮዎች ቆጠራና የበሩ ቢቶች ቆጠራ በሲ23 መስፈርት ገብተዋል። ሜሞሪ የሚገለብጥ በእጅ የተጻፈ ኮድ ካለ ሰርዙትና የሥርዓቱን ላይብረሪ ጥሩ፤ ግሊብሲ ፕሮሰሰሩን አይቶ የሚስማማውን ስልት ራሱ ይመርጣል።

አደጋው ያለው አሴምብሊው በዝምታ ይሰጥ በነበረው ዋስትና ላይ ነው። አራቱን ልጥቀስ።

የመጀመሪያው የቁጥር ሙላት ነው። አሴምብሊ ውስጥ ቁጥር ሲሞላ ዞሮ ከታች ይጀምራል። ሲ ውስጥ ግን ምልክት ያለው ቁጥር መሙላት ያልተደነገገ ባሕርይ ነው፤ ኮምፓይለሩ "ይህ አይደርስም" ብሎ አስቦ ኮዱን ሊለውጠው መብት አለው። ምልክት የሌላቸውን የቁጥር ዓይነቶች ተጠቀሙ። ባለ32 ቢት ቁጥርን በ32 መግፋትም ያልተደነገገ ነው፤ በኤክስ86 ላይ ትእዛዙ የግፊቱን መጠን በ31 ስለሚያጣራ አሮጌው ኮድ ችግሩን አይቶት አያውቅም፤ እናንተ ግን ማጣሪያውን ራሳችሁ ጻፉ፣ በግራም በቀኝም ግፊት ላይ።

ሁለተኛው ያልተስተካከለ አድራሻ ነው። ኤክስ86 ከየትኛውም አድራሻ አራት ባይት ቢነበብ ግድ አይሰጠውም። ጠቋሚውን ወደ ባለ32 ቢት ዓይነት ቀይሮ ማንበብ ግን በሲ ደንብ ስህተት ነው። አራቱን ባይት በሜምኮፒ ወደ አካባቢያዊ ተለዋዋጭ ገልብጡ፤ ዘገምተኛ ቢመስልም ኮምፓይለሮቹ ወደ አንድ የንባብ ትእዛዝ ይቀይሩታል።

ሦስተኛው የሜሞሪ ቅደም ተከተል ነው፤ በዚህ ላይ ረጋ ማለት ይገባል። በኤክስ86 የሎክ ቅድመ ቅጥያ የያዘ ትእዛዝ ቆጣሪውን ከመጨመሩ ጋር ሙሉ የሜሞሪ አጥር ይሆናል። በሲ11 አቶሚክ ስትተኩት ቅደም ተከተሉን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ። በጣም ልል የሆነውን ከመረጣችሁ በኤክስ86 ላይ ሁሉም ቴስት ያልፋል፤ ኤአርኤም ላይ ግን ከብዙ ሚሊዮን ዙር አንዴ ውሂብ ይበላሻል። በጥብቁ ቅደም ተከተል ጀምሩ። ማላላት ካስፈለገ በሌላ ኮሚት፣ ከማብራሪያ ጋር ይሁን። በኤአርኤም በኩል የስዋፕ ትእዛዝን የሚጠቀም አሮጌ መቆለፊያ ካገኛችሁ ሳታመነቱ ተኩት፤ ትእዛዙ ከኤአርኤምቪ6 ጀምሮ አይመከርም፣ በኤአርኤምቪ8 ደግሞ ጨርሶ የለም።

አራተኛው የአስርዮሽ ስሌት ነው። የድሮው ኤክስ87 በውስጡ በ80 ቢት ያሰላል፤ ኤስኤስኢ2 በ32 ወይም በ64 ያሰላል። ስለዚህ የመጨረሻዎቹ ቢቶች ሊለያዩ ይችላሉ። ውጤቱ ፋይል ላይ የሚጻፍ ወይም በሁለት ማሽኖች መካከል የሚመሳከር ከሆነ ይህ ልዩነት ተጠቃሚ ዘንድ ይደርሳል። ቴስታችሁ ውስጥ የሚፈቀደውን ልዩነት በቁጥር ወስኑና ለምን እንደፈቀዳችሁት አጠገቡ ጻፉ።

ሲውን ከጻፋችሁ በኋላ የወጣውን የማሽን ኮድ ወደ አሴምብሊ መልሶ በሚያሳየው በኦብጅደምፕ ተመልከቱ። አሮጌው አሴምብሊና አዲሱ ውጤት ትእዛዝ በትእዛዝ አንድ ሆነው ስታገኙ ክርክሩ በዚያው ያበቃል።

አሁን ለኩ። ከመለካታችሁ በፊት ምን ያህል መዘግየት እንደምትቀበሉ ከሜንቴነሮቹ ጋር ተስማሙ፤ ቁጥሩ ከታየ በኋላ የሚወሰን ወሰን ማንንም አያሳምንም። ፈንክሽኑን ለብቻው ብቻ ሳይሆን ፕሮግራሙን በሙሉ፣ በእውነተኛ ግብዓት ለኩ፤ ከአጠቃላዩ ጊዜ ኢምንቱን የሚወስድ ፈንክሽን እጥፍ ቢዘገይም የሚያስተውለው የለም። ስርጭቶች በሚጠቀሙበት የኦ2 የኮምፓይለር ማሻሻያ ደረጃ ገንቡ፤ ጂሲሲ ከ2022ቱ 12 ጀምሮ በዚህ ደረጃ ሉፖችን ወደ ቬክተር ይቀይራል፤ የዛሬ አሥር ዓመት "ሲው ይዘገያል" ተብሎ የተመዘገበ ልኬትም ዛሬ ላይሠራ ይችላል። አዲሱ በእርግጥ ዘግይቶ ከተገኘና ፈንክሽኑ ወሳኝ ከሆነ፣ ኢንትሪንሲክ የሚባሉትን፣ የፕሮሰሰሩን ልዩ ትእዛዞች ከሲ የሚጠሩ ፈንክሽኖች ሞክሩ፤ ያም ካልሆነ አሴምብሊው ይቆይ፣ የለካችሁትም ቁጥር ኮሜንት ሆኖ ከአናቱ ይጻፍ። የሚቀጥለው ሰው ያንኑ መንገድ እንደገና እንዳይሄድ ያድነዋል።

ደረጃ 6፦ በትናንሽ ኮሚቶች አንሱ

መጀመሪያ ቴስቱ ይግባ። ቀጥሎ ሲው ነባሪ ይሁን፣ አሴምብሊው ግን በግንባታ ምርጫ መመለስ የሚችል ሆኖ ለአንድ ሪሊዝ ይቆይ። በሚቀጥለው ዙር ይሰረዝ። አንድ ኮሚት አንድ ፈንክሽን ወይም አንድ ፕሮሰሰር ብቻ ይንካ፤ እያንዳንዱ ኮሚት ለብቻው ተገንብቶ ቴስቱን ማለፍ አለበት፤ ያኔ ችግር ሲመጣ ጊት ባይሴክት ጥፋተኛውን ኮሚት በቀጥታ ያገኘዋል። በዚያው ኮሚት የኮድ አሰላለፍ ማስተካከልን አትጨምሩ፤ ስረዛው በማስተካከያው መሀል ይጠፋል።

የኮሚቱ መልእክት ኮዱ መቼና ለምን እንደገባ፣ ያ ምክንያት ለምን እንደቀረ፣ ምን እንደተካው እና ልኬቱ ምን እንዳሳየ ይናገር። በደረጃ 2 የደከማችሁበት ሁሉ የሚቀመጥበት ቦታ ይህ ነው።

ደረጃ 7፦ ተንጠልጥሎ የቀረውን አጽዱ

አሴምብሊው ሲወጣ እሱን ለማገልገል የነበረው ሁሉ ወላጅ አልባ ይሆናል። ፕሮሰሰሩን የሚለየውን ኮድ ተመልከቱ፤ የፍላግ ሬጂስተሩን 21ኛ ቢት ገልብጦ የማንነት መጠየቂያው ትእዛዝ መኖሩን የሚሞክር ካለ፣ በባለ64 ቢት ማሽን ላይ ትእዛዙ ሁልጊዜ ስላለ ሙከራው ከንቱ ነው። ኤምኤምኤክስ ሬጂስተሮቹን ከኤክስ87 ጋር ስለሚጋራ ከያንዳንዱ አጠቃቀም በኋላ የማጽጃ ትእዛዝ ይጠራ ነበር፤ የመጨረሻው የኤምኤምኤክስ ፈንክሽን ከወጣ ጥሪዎቹም ይውጡ፤ ቀድመው ግን አይውጡ፣ አለዚያ የአስርዮሽ ስሌቱ ይበላሻል። የግንባታ ፋይሎቹ ናዝም የተባለውን አሴምብለር ይፈልጉ ከነበረና የሚያስፈልገው ፋይል ካልቀረ፣ ተጠቃሚዎች አንድ የሚጭኑት ነገር ቀነሰላቸው።

ላይብረሪ ከሆነ ለውጭ የሚያጋልጣቸውን የፈንክሽን ስሞች በኤንኤም አውጥታችሁ ከስረዛው በፊትና በኋላ አወዳድሩ። በስህተት ለውጭ ተጋልጦ የቆየ ፈንክሽን ካለ ሌላ ፕሮግራም ይጠራው ይሆናል፤ ስሙን ወደ ሲው የሚያመራ አድርጋችሁ አቆዩት። የፕሮሰሰር ችሎታን የሚወክሉ ይፋዊ ቋሚ ቁጥሮችን ደግሞ ስማቸው ቢቀር እንኳ ቁጥራቸውን ለሌላ አትስጡ። የአሴምብሊ ፋይሉ የራሱ የፈቃድ ማስታወቂያ ከነበረው የፈቃዶቹን ዝርዝርም አድሱ።

በመጨረሻ የተገነባውን ባይነሪ፣ የውስጥ መረጃውን በሚያሳየው በሪድኤልፍ መርምሩ፦ ስታኩ ማንበብና መጻፍ ብቻ እንጂ ማስኬድ እንዳይኖረው፣ በኮዱ ክፍል ውስጥ የአድራሻ ማስተካከያ እንዳይቀር፣ የሲኢቲ ወይም የቢቲአይ ምልክቱም መመዝገቡን አረጋግጡ። ሦስቱንም ቼኮች በፕሮጀክቱ አውቶማቲክ ግንባታ ውስጥ አስገቧቸው፤ ያኔ ወደፊት የሚገባ አሴምብሊ ሳይፈተሽ አያልፍም።

ከሪሊዙ በኋላ

የለውጥ መግለጫው ላይ የትኛው ኮድ እንደወጣ፣ የትኞቹ ማሽኖች መሥራታቸውን እንደሚቀጥሉና የትኞቹ ሊዘገዩ እንደሚችሉ በቀጥታ ጻፉ። "ፍጥነቱ ቀነሰብኝ" የሚል ሪፖርት ሲመጣ የፕሮሰሰሩን ሞዴል፣ የኮምፓይለሩን ቨርዥንና የግንባታ ምርጫዎቹን ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ያለ ማሻሻያ ደረጃ የተገነባ ሆኖ ይገኛል። "ውጤቱ ተሳሳተ" የሚል ሪፖርት ግን ይቅደም። በአንድ ኮምፓይለር ወይም በአንድ ማሽን ላይ ብቻ የሚታይ ከሆነ በደረጃ 5 ከተጠቀሱት አራት ነገሮች አንዱ አምልጧችሁ ሊሆን ስለሚችል፣ ያልተደነገገ ባሕርይን የሚፈልገውን ሳኒታይዘር አብርታችሁ ቴስቱን በዚያው ግብዓት አስኪዱ። መንስኤው እስኪገኝ ተጠቃሚው መጠበቅ የማይችል ከሆነ ያንን አንድ ኮሚት መልሱት፤ ሌሎቹ ባሉበት ይቆያሉ።